ቀለብሽ ከማን ነው?

«አንድ ሰው ነበረ፤ እንዳንተ የምትማር ልጅ ያለችው» አሉ መምህር ቀለመወርቅ።

ዳምጠው የጠበቀው ሌላ መልስ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጎን ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገብቶ፣ ከግብር መሥሪያ ቤት የተላከለትን ደብዳቤ መምህሩ ፊት ዘርግቶ ጠይቋቸዋል። እሱና ልጁ ትርሲት በሚኖሩበት አገር ለኮሌጅ የተከፈለ ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ከግብር ላይ ይቀነሳል፤ ከፊሉም ተመላሽ ሆኖ በእጅ ይሰጣል። ተማሪዋ ራሷን የቻለች ከሆነች ተመላሹ የራሷ ነው። በወላጅ ቅጽ ላይ «ጥገኛ» ተብላ ከተጻፈች ግን፣ ክፍያውን ከኪሷ ያወጣችው እሷ ብትሆንም እንኳ፣ የሚቀበለው ወላጅዋ ነው። ትርሲት በአረጋውያን መጦሪያ እየሠራች የኮሌጇን ክፍያ የከፈለችው ራሷ ናት። ዳምጠው ደግሞ «ጥገኛዬ ናት» ብሎ ቅጹን ሞላ። ገንዘቡም መጣለት። ልጁ ለሚቀጥለው ወቅት የምትከፍለው ጎድሎባት ብትጠይቀው፣ ለመኪናው ዕዳ አውሎታል። ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረውም።

«የምታድረው ከእኔ ቤት ነው፤ ሕጉም ለአንተ ነው ይላል» አለ ዳምጠው። «ባለሙያ ጠይቄያለሁ። አንዲት መስመር አላጭበረበርኩም። ታዲያ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው መምህር?»

መምህሩ ደብዳቤውን አጥፈው ከመለሱለት በኋላ ነው ስለዚያ ሰው መናገር የጀመሩት።

ሰውየው ኮርቻ ሠሪ ነበር። በጉልበቱ ዘመን የእሱ ኮርቻ በሦስት ገበያ ይፈለጋል። ሚስቱ ስትሞት ልጃቸው ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። ያቺን ልጅ አጥቦ፣ ጸጉሯን አበጥሮ፣ ሲያማት አዝሎ ያሳደጋት እሱ ብቻውን ነው። ይህን አልክድበትም። አንተም አትርሳው፤ እሱ ራሱ አንድም ቀን አልረሳውምና።

ልጅቷ አደገችና ሐኪም መሆን ተመኘች። ከከተማቸው የሁለት ቀን መንገድ ርቆ አንድ ታላቅ ትምህርት ቤት ነበረ። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው። ተማሪ ሁሉ በየዓመቱ ሁለት ጭነት እህል እስከ መስከረም ሠላሳ ያስገባል። ያላስገባ ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል፤ አንዴ የተፋቀ ስም ደግሞ ተመልሶ አይጻፍም።

እሷ ትምህርት በጀመረችበት ዓመት አባትየውን ወገቡን ያመው ጀመር። ኮርቻ አጎንብሶ የሚሰፋ ነገር ነው። መጀመሪያ ሥራውን በግማሽ ቀነሰ፤ ኋላም ጨርሶ ተወውና ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይውል ጀመር። ልጅቷ ይህን ስታይ በትምህርት ቤቱ ከተማ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ማመልከቻ መጻፍ ያዘች። ከትምህርት ስትወጣ ወደዚያ ትሄዳለች። መሬቱን የተነጠቀ፣ በሬው የተሰረቀበት፣ ወንድሙ ርስት የከለከለው ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል። ባለጉዳዮች እርስ በርስ «ሂድ ወደ ልጅቷ፤ እሷ የጻፈችው ዳኛ ያስለቅሳል» ይባባሉ ነበር።

በዚህ ባገኘችው የትምህርት ቤቱን እህል ገዝታ ታስገባለች። የተረፈውን በነጋዴ አህያ ለአባቷ ትልካለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የዚያ ቤት ሞሰብ ላይ የቀረበው እንጀራ የእሷ ነበር። ጎረቤት ይህን አያውቅም። ነጋዴው እህሉን ሲያራግፍ «ከየት የመጣ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ አባትየው «የቆየ የኮርቻ ዋጋ ነው፤ አሁን ከፈሉኝ» ይል ነበር። ልጅቷም ይህን ሰምታለች፤ አልከፋትም። አባቷ ቀና ብሎ እንዲሄድ ነበር የምትፈልገው።

በሦስተኛው ዓመት የአገሩ ገዥ አዋጅ አስነገረ። «ልጁን በታላቁ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው በየዓመቱ ከጎተራዬ ሦስት ጭነት እህል ይሰጠዋል። ራሱን ችሎ የሚማር ካለ እህሉ ለራሱ ለተማሪው ነው። አንድ ራስ ግን ሁለት ጊዜ አይቆጠርም» አለ። መልካም አዋጅ ነበር። ገዥው የድሃ ልጅ እንዲማር ከልቡ አስቦ ነው። ለልጅቷም የደረሰላት በጭንቋ ጊዜ ነው፤ በዚያ ዓመት ዳኛው ታሞ ችሎት ስለተዘጋ ማመልከቻ የሚያጽፍ ጠፍቶ ነበር። ለአራተኛው፣ ለመጨረሻው ዓመት የምታስገባው እህል አልነበራትም።

ለክረምት ዕረፍት ወደ አባቷ ቤት መጣች። ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን የማርያም ማኅበር ተረኛው አባትየው ስለነበር ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ጠላውንም ዳቦውንም ያዘጋጀችው ልጅቷ ናት፤ በማን እህል እንደሆነ ልነግርህ አያስፈልገኝም። ማኅበርተኞቹ በልተው ጠጥተው ሲጫወቱ የገዥው ቆጣሪ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ገባ። ቤት ለቤት እየዞረ ማን በማን እንደሚተዳደር የሚጽፍ ሰው ነው። ቦታ ሰጡት፤ ዋንጫ አስያዙት። እሱም መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ልጅቷን ጠራት።

«ታላቁ ትምህርት ቤት የምትማሪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ቀለብሽ ከማን ነው?»

ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ፣ «ምን ማለትዎ ነው? ከአባቷ ነዋ! ይህ ሰውዬ እኮ ወገቡ የተቆረጠው ለሷ ኮርቻ ሲሰፋ ነው» አለ። ሌላው ተቀብሎ «የሀገሩ አህያ ሁሉ ለሷ ትምህርት ተጭኗል!» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ልጅቷ አባቷን አየችው። አባቷ መናገር ይችል ነበር። «ኧረ ተዉ፤ ይህቺ ልጅ ራሷን ችላለች፤ እኔንም የምታበላኝ እሷ ናት» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል። እሱ ግን ዋንጫውን ቁልቁል ይመለከት ነበር፤ ጠላው ውስጥ አንዳች ነገር የወደቀበት ይመስል።

ያን ጊዜ ልጅቷ ሰው ቤት ገብተን ተርበን ሳለ «ጠግቤያለሁ» እንደምንለው ያለ ቃል ተናገረች። «ከአባቴ ነው» አለች።

«እንግዲህ በአባትሽ ሥር ጥገኛ ብዬ ልጻፍሽ?»

«ይጻፉ» አለች ፈገግ ብላ።

አልዋሸሁም አላለችም ለራሷ። ግን የሚጻፈው ምንም ይሁን ምን እህሉ መጨረሻው ለትምህርቴ ነው ብላ አሰበች። የሚቀበለው አባቷ ነዋ፤ ባዕድ አይደለም።

«እኔም እንዲሁ ነው ያልኩት» አለ ዳምጠው ጣልቃ ገብቶ። «ከአንድ ቤት ለወጣ ገንዘብ የእኔ የእሷ ምን ያስብላል?»

«ኮርቻ ሠሪውም ይህንኑ ብሏል። ቆይ፣ አትቸኩል» አሉ መምህሩ።

መስከረም ጠባ። እህል በሚታደልበት ቀን ልጅቷ ወደ ገዥው ጎተራ ሄደች። ጎተራ ጠባቂው መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ስሟን ፈለገ።

«ስምሽ አለ። ግን በአባትሽ ሥር ነው ያለሽ። እህሉን ጠዋት ጭኖ ሄዷል።»

«የሦስቱን ዓመት ክፍያ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይኸው።»

ጠባቂው ወረቀቱን ደህና አድርጎ አነበበው። ክፉ ሰው አልነበረም። «እውነትሽን ነው፤ ከፍለሻል» አላት። «ነገር ግን ጥገኛ የከፈለው የሚያስተዳድረው ሰው እንደከፈለው ይቆጠራል። ሕጉ እንዲህ ነው። መዝገቡ እስከ መስከረም ሃያ አይታተምም። አባትሽ ራሱ መጥቶ በስህተት ነው የተጻፈችው ካለኝ እህሉን መልሼ ላንቺ አስረክባለሁ። አንቺ ብቻሽን ብትመጪ ግን መቶ ወረቀት ብታሳይኝ አልችልም።»

ልጅቷ ወደ ቤት ሮጠች። ሦስቱ ጭነት ጓዳ ውስጥ ተደርድሮ አየችው። ልቧ ተመለሰ።

«አባዬ፣ መጣልን አይደል!» አለች። «ሁለቱን ጭነት ነገ ነጋዴው ያድርስልኝ። አንዱ ለርስዎ ቀለብ ይሁን።»

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ እህል ተነግሮበታል» አላት።

«ምን ተብሎ?»

«መስከረም ሃያ አንድ ማኅበሩን ልጋብዝ ነው። ልጄን አስተምሬ የገዥ ስጦታ ተቀበልኩ ብዬ ዝም ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

«አባዬ፣ ምዝገባው መስከረም ሠላሳ ያበቃል።»

«አውቃለሁ፤ ነግረሽኛል።»

«ካላስገባሁ ስሜ ይፋቃል።»

«አይፍቁትም። የማን ልጅ መሆንሽን ያውቃሉ።»

ልጅቷ እግሩ ሥር ተቀመጠች። «እሺ፣ እህሉን አይስጡኝ» አለችው። «ከጎተራው ድረስ ብቻ አብረውኝ ይሂዱና አንዲት ቃል ይናገሩልኝ። ልጄ ራሷን የቻለች ናት ይበሉልኝ። ሌላውን ሁሉ እኔ እችለዋለሁ።»

«ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁም?» አላት።

«እርስዎ ነዎት።»

«አዝዬሽ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት የተንከራተትኩት እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባዬ።»

«ታዲያ በስተርጅና፣ ልጄ ናት የምታበላኝ ብዬ አደባባይ ላይ ልጩህ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከአባቴ ነው ብለሽ፣ አሁን እኔን ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

እሷ ለእሱ ክብር ብላ አንድ ቃል ዋሽታለች። እሱ ለእሷ ሕይወት ብሎ አንድ ቃል እውነት መናገር አቃተው። መስከረም ሃያ መጣና አለፈ፤ መዝገቡ ታተመ።

በማግስቱ ድግስ ሆነ። ሁለቱ ጭነት ጠላና ዳቦ ሆኖ ቀረበ፤ አንዱ ተሽጦ በግ ተገዛበት። እንግዶቹን እጅ ያስታጠበችው ልጅቷ ናት። ያ አፉ የማያርፈው ሽማግሌ ውሃው እጁ ላይ ሲፈስ ቀና ብሎ አይቷት «አባትሽን ያቆይልሽ፤ እንዲህ ያለ አባት ለስንቱ ተሰጠ?» ብሎ መረቃት። «አሜን» አለች።

እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ለገዥው ማመልከቻ ጻፈች፤ ጥሩ አድርጋ ጻፈችው። ከሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። «ጥገኛ መሆንሽን ራስሽ በምስክሮች ፊት ተናግረሻል» ይላል። ምስክር ተብለው የተጠቀሱት ማኅበርተኞቹ ናቸው። ብድርም ጠይቃ ነበር፤ ችሎት ለተዘጋበት ማመልከቻ ጸሐፊ ግን ማን አምኖ ያበድራል? መስከረም ሠላሳ ፀሐይ ጠለቀች፤ ስሟም ተፋቀ። ሦስት ዓመት ተምራለች። ሦስት ዓመት የተማረ ሐኪም የሚባል ነገር የለም።

አባቷ ቤት ቀረች። በከተማቸው ገበያ ዳር ተቀምጣ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ አባቷን ታበላለች። አባትየው ለጠየቀው ሁሉ «ከእኔ መለየት አልሆነላትም፤ ሆድዋ አልችል አለ» ይላል። ይህንንም ትሰማለች።

ዓመቱ ዞሮ ቆጣሪው ተመልሶ መጣ። በዚያ ቀን ደጃፉ ላይ የተቀመጡ አራት አምስት ጎረቤቶች ነበሩ።

«የምትማር ጥገኛ አለችህ?» አለው አባትየውን።

«ዘንድሮ የለችኝም።»

«እንግዲያው ከጎተራ የሚሰጥህ የለም። የዓመቱን ግብር ደግሞ ትከፍላለህ።» ቆጣሪው ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሱ አየውና አዘነለት። መሥሪያው አቧራ ለብሷል፤ ወገቡ አይቃናም። «ሠርቶ መብላት ያልቻለ ሽማግሌ በሚጦረው ልጅ ስም ከተጻፈ ግብር ይቀርለታል» አለና ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺ ነሽ የምትጦሪው? አባትሽን በስምሽ ሥር ጥገኛ ብዬ ልጻፈው?»

ጎረቤቶቹ ሁሉ አዩዋት። አባቷም አያት። ዘንድሮ ዋንጫ አልያዘም፤ ቁልቁል የሚያየው ነገር አልነበረውም።

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!» አለች ልጅቷ በትሕትና። «አባቴ እኮ ራሱን የቻለ ሰው ነው። እኔን እንኳ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ቆጣሪው እንደተነገረው ጻፈ። አባትየው አሁንም መናገር ይችል ነበር፤ አሁንም አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። ጎረቤት ፊት እንዴት ብሎ? ግብሩን ለመክፈል ወስፌውንም፣ መዶሻውንም፣ የቀረውንም ቆዳ ሸጠ። ልጅቷ ከዚያም በኋላ እስኪሞት ድረስ አበላችው፤ አጠበችው፤ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። አንድ ደግ ቃልም አልወጣትም። ያን ዕለት ያለችውን ያለችው አክብራው ነው ወይስ ተቀይማው እየተባለ በዚያ ከተማ ብዙ ተወርቷል። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል። አክብሮትና ቂም አንድ ልብ ውስጥ ብዙ ዘመን አብረው ሲቀመጡ ድምፃቸው ይመሳሰላል።

መምህር ቀለመወርቅ ነገሩን እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ዳምጠው ዞሩ።

«ያ ኮርቻ ሠሪ አንተ ነህ» አሉት። «ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው ብለኸኛል። አዋጁ ላይ አይደለም፤ መልካም አዋጅ ነበር፤ የዚህም አገር ሕግ አይከፋም። ቆጣሪው ላይም አይደለም፤ የሰማውን ጻፈ። ቅጹን ስትሞላ ልጅህን ጠይቀሃታል?»

«እንዴታ! ጠይቄያታለሁ እንጂ።»

«ምን አለችህ?»

«‹እንደፈለግክ፣ አባዬ› አለችኝ።»

«እንደፈለግክ» አሉ መምህሩ ቃሉን ደግመው። «እኛ እየራበን ጠግበናል የምንል ሰዎች ነን። ልጆቻችንንም ያስተማርናቸው ይህንኑ ነው። የዚህ አገር ጸሐፊ እንደፈለግክ ያለ ሰው ፈቅዷል ብሎ ያምናል፤ አይፈረድበትም፣ ቋንቋችንን አያውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ። ልጅህ እንደፈለግክ ስትልህ ምን ማለቷ እንደሆነ ከአንተ በቀር ማንም ሊያውቅላት የሚችል አልነበረም፤ አንተም አውቀህ ፈረምክ። ኃጢአቱ እዚያ ላይ ነው።»

ዳምጠው ደብዳቤውን ኪሱ ከተተ። «እመልስላታለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ቀስ በቀስም ቢሆን፣ ከደመወዜ ላይ እየቆረጥኩ እመልስላታለሁ።»

«ለሚቀጥለው ወቅት የምትከፍልበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው?»

ዳምጠው በጣቱ የሆነ ነገር ለመቁጠር ሞከረና ተወው።

«አላውቅም» አለ።

«ያ ሰው እንኳ ቀኑን ያውቅ ነበር» አሉት መምህሩ።